ሁለት ብልቃጥ የጦስኝ ቅባት

ጦስኝ በምናፈላባቸው ቀናት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውን በር ሳይከፍቱ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ማወቅ ይቻል ነበር። ሽታው በበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩን ያዳርስና እስከ ደረጃው ይወርዳል፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚያልፉ ተማሪዎችም «ዛሬ ሻይ አለ» እየተባባሉ ይሄዳሉ። ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ነገር ግን የሽታ ትዝታ ከሌላው ትዝታ ሁሉ ይልቅ እንደሚያታልል በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አስታውሳለሁ» ያልኩትን ሁሉ አንባቢ «ይመስለኛል» ብሎ ቢያነበው ቅር አይለኝም። እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ቢኖር ለማን ምስጋና እንዳለብኝ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ሮቤ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። ከሰሜን ሸዋ በሥራ ምደባ መጥቼ፣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» እያልኩ ሳልዛወር የቀረሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቱ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ሲሰጠኝ እዚያው ባለው ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገብኩ። ፈቃዱ ቁርጥ ያለ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፌን አቅርቤ ካላለፍኩ፣ መስከረም ላይ ዲግሪውን ሳልይዝ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ሌላ ፈቃድ አይኖርም።

የመረጥኩት ርዕስ የባሌ ደጋ ጦስኝ ነው። ከጎባ በላይ ባለው ብርዳም ሜዳ ከመሬት ተጣብቆ የሚበቅለውን ይህን ቅጠል የአገሩ ሰው ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለሆድ ቁርጠት አፍልቶ ይጠጣዋል፤ ከሻይ ቅጠል ይልቅ እሱን የሚመርጥ ቤትም ብዙ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት፣ ሽታውን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች በበጋ በተለቀመውና በክረምት መውጫ በተለቀመው ጦስኝ መካከል ይለያዩ እንደሆነ ነበር። ጥያቄው ትንሽ ነው። አማካሪዬ የነበሩት ዶክተር፣ ቁጥብና ጥንቁቅ ሴት፣ የወደዱትም ትንሽ በመሆኑ ነበር። «ትንሽ ጥያቄ ይዘህ ከመጣህ መልስ ይዘህ ትሄዳለህ» አሉኝ።

አሠራሩ ለማያውቀው ሰው የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። የደረቀው ቅጠል ተመዝኖ ከውሃ ጋር በትልቅ ክብ የመስታወት ፍላስክ ውስጥ ይገባና ለሦስት ሰዓት ያህል ይፈላል። እንፋሎቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ሽታ ያዘለ ቅባት ይዞ ይወጣል። ከፍላስኩ በላይ ባለው ቱቦ ሲያልፍ ዙሪያውን በሚፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ቅባቱም በጎን በኩል ባለች ቀጭን መስፈሪያ ውስጥ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከአንድ ፍላስክ ቅጠል የሚገኘው ቅባት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያንን ከውሃ ርዝራዥ አድርቀን፣ ብርሃን በማያስገባ ቡናማ ብልቃጥ ከትተን፣ ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚያ ያለው ማሽን ቅባቱን በጣም ረጅምና ቀጭን በሆነ ቱቦ ውስጥ በጋዝ እየገፋ ንጥረ ነገሮቹን አንድ በአንድ ይለያያቸዋል፤ እያንዳንዱም በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ሆኖ ይወጣል። የጦስኝን ወረቀት ያየ ሰው ሁለት ትልልቅ ጫፎች ያያል፤ አንዱ ታይሞል፣ ሌላው ካርቫክሮል ነው። በዙሪያቸው ያሉት ጉብታዎች ናቸው።

ቀላል ነው ያልኩት ውሃና መብራት ካለ ነው። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ጡረታቸው የቀረበ የጎባ ሰው ነበሩ፤ «ጋሼ» እላቸው ነበር። የቧንቧው ውሃ መሃል ላይ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ በርሜል ሰቅለው፣ ከግቢው በጄሪካን እያመላለሱ ይሞሉትና ውሃውን በጎማ ወደ ማቀዝቀዣው ይለቁት ነበር።

«መምህር፣ ዛሬስ አረቄው እንዴት ወጣ?» ይሉኛል ጄሪካኑን እያስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ አረቄ አይደለም እኮ።»

«እሱማ አይደለም። አረቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ውሃ ብቻዬን አልሸከምም ነበር፤ የሚያግዘኝ በሞላ።»

ጦስኙን የሚለቅሙልኝ ከጎባ ወደ ሳነቴ ሜዳ በሚወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ እናት ነበሩ። ያገኘኋቸው ጎባ ገበያ ላይ ነው። በአካባቢው ለእናት በሚባለው «አዴ» ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህሩ፣ ይሉኛል። ከብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውጭ ካለው ከራሳቸው ይዞታ ይለቅማሉ፤ ጥላ ውስጥ ያደርቃሉ፤ እኔ በሰጠኋቸው የወረቀት ከረጢት አድርገው እስክመጣ ያቆዩልኛል። መጀመሪያ በሄድኩ ቀን ፀሐይ እንዳይነካው፣ ፌስታል ውስጥ እንዳይገባ፣ ከሌላ ቅጠል እንዳይደባለቅ እያልኩ ስዘረዝር በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ባርሲሳ፣ ጦስኝ ማድረቅ ልታስተምረኝ ነው ከሮቤ ድረስ የመጣኸው?» አሉኝ።

የበጋውን ጦስኝ በጥር ወሰድኩ፤ ምንም አልገጠመውም። የክረምት መውጫውን ጥቅምት ላይ በሳምንት ውስጥ እወስዳለሁ ብዬ ፈተናና ዝናብ ተደራርበውብኝ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ። ስደርስ አዴ ከረጢቱን አፉን በክር አስረው አዘጋጅተውልኝ ነበር። ወተት ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ከረጢቱን በእጅ ሚዛን መዘንኩት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ «በወረቀት ከረጢት የተቀመጠ» የሚለውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስለዚያ ቀን በእጄ ያለው ማስረጃ ይኸው አንድ መስመር ነው። የቀረውን ከራሴ ነው የምቀዳው።

ከአዲስ አበባ የመጡትን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩበት ቀን የደስታ ቀን ነበር። ሁለቱ ትልልቅ ጫፎች ሁለቱም ላይ አሉ። በክረምት መውጫው ላይ ግን በበጋው የሌሉ ሦስት ጉብታዎች ወጥተዋል። ማሽኑ ስማቸውንም ጽፎልኛል፦ ጓያኮል የሚባለውና ሁለት ዘመዶቹ። ወቅቱ ለውጥ አምጥቷል ማለት ነው። ምዕራፍ አራትን በአንድ ወር ጻፍኩት፤ ተክሉ በዝናብና በውርጭ ጊዜ ራሱን ለመከላከል እነዚህን ንጥረ ነገሮች ያመርታል የሚል፣ በብዙ ማጣቀሻ የተደገፈ፣ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረ ምዕራፍ ነበር። አማካሪዬ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ከመመረቂያም ያልፋል። ጆርናል ላይ ሊወጣ ይችላል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስለ አያያዙ እርግጠኛ ነህ?»

«በወረቀት ከረጢት ነው ዶክተር፤ ደብተሬ ላይ አለ።»

በግንቦት፣ ጽሑፌን ላቀርብ አንድ ወር ያህል ሲቀረኝ፣ ሁለቱን ብልቃጦች በጥጥ ጠቅልዬ ወደ አዴ ቤት ወጣሁ። ሰው ለቅሞ፣ አድርቆ፣ አቆይቶ የሰጠኝ ነገር ምን እንደሆነ ሳላሳይ መቅረት ነውር መስሎ ታይቶኝ ነበር። አዴ በደጃቸው ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ብልቃጥ ተቀበሉኝ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሰይ። ይሄ ሜዳው ነው» አሉ። «ያ ሁሉ ከረጢት ይቺ ሆነ?»

«ይቺ ሆነ።»

ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። አሸተቱና ሳቁ።

«ይሄኛውማ የእኔ ጮጮ ነው።»

ጮጮ ክዳን ያለው፣ ከስንደዶና ከተክል ሥር ጠብቆ የሚሰፋ የወተት ዕቃ ነው። በባሌ ቤት ውስጥ ታጥቦ ብቻ አይተውም፤ የወይራ ስንጥር ተለኩሶበት በጭሱ ይታጠናል፤ ወተቱ እንዳይበላሽና እንዲጥም። ያልታጠነ ጮጮ ለእንግዳ አይቀርብም።

«የምን ጮጮ ነው፣ አዴ?» አልኩ።

«ነግሬህ ነበር እኮ። ያኔ ለዝያራ ሼክ ሁሴን መስጊድ ሄጄ ስመለስ ጣሪያው አፍስሶ ከረጢትህን አርሶት አገኘሁ። የሰው አማና፣ የሰው አደራ፣ እኔ ቤት ተበላሸ ብዬ፣ ወላሂ፣ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። የራሰውን ለየሁና ደህናውን በትልቁ ጮጮ ከተትኩት። ያኔውኑ በወይራ ያጠንኩት ነበር። ከሱ የበለጠ ንጹህ ዕቃ እዚህ ቤት የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንተ ወረቀት ነው ያልከው። ስትመጣ በትርፉ ከረጢት ገለበጥኩልህ። ምነው?»

ጓያኮል እንጨት ሲቃጠል ከጭሱ የሚወጣ ነገር መሆኑን ለማወቅ የሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ ከአንድም ሁለት መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። ነገር ግን ሲጽፍ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው የሚያነበውንም ይመርጣል። እዚያ አግዳሚ ላይ ብልቃጡን መልሼ ተቀብዬ አሸተትኩት። ከጦስኙ ሥር፣ ቀጭን ሆኖ፣ ግን ጥርጥር በሌለው ሁኔታ፣ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ ነበር። ያማረው ምዕራፌ ስለ ክረምት አልነበረም። ስለ ወይራ ጭስ ነበር።

«አበላሸሁብህ እንዴ?» አሉኝ አዴ።

«የለም፣ አዴ።»

«ፊትህ ሌላ ይላል።»

ወደ ሮቤ ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ስንት ቀን ዝም እንዳልኩ ደብተሬ አይናገርም፤ ለረጅም ጊዜ ሦስት ቀን ነበር እያልኩ ለራሴ ስነግር ቆይቼ፣ በኋላ ቀኖቹን ሳሰላ ከሳምንት በላይ ሆኖ አገኘሁት። በእነዚያ ቀናት የማስበው ነገር አላጣሁም። ጉብታዎቹ ትንንሽ ናቸው አልኩ። ምናልባት ጥቂቱ ከጮጮው፣ ጥቂቱ ከተክሉ ይሆናል አልኩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፈታኝ በአንድ የደጋ ቤት ውስጥ ጮጮ እንደሚታጠን በምን ያውቃል አልኩ። መስከረምንም አሰብኩ፤ ሁለት ዓመት አጥንቶ ባዶ እጁን የተመለሰ መምህር ሆኜ ወደ መምህራን ክፍል ስገባ ታየኝ።

አንድ ቀን ፍላስኮቹን ስናጥብ ቴክኒሻኑ፣ «ቅባቱን ለእናትየዋ አሳየሃቸው?» አሉኝ።

«አሳየኋቸው።»

«ምን አሉ?»

ነገርኳቸው። ከአንደበቴ የወጣው ሳላስበው ነው። ጋሼ በእጃቸው የያዙትን ፍላስክ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«እኔም ብዬህ ነበር እኮ» አሉ። «ያን ከረጢት በከፈትክ ቀን ይሄ ጦስኝ ወተት አማረኝ ብዬህ አልነበር? ‹ጋሼ፣ ቁርስ አልበሉም ማለት ነው› ብለህ ሳቅህብኝ።»

ይህን አላስታውስም። ያኔም አላስታወስኩም፤ ዛሬም አላስታውስም። አዴ ነግሬሃለሁ ብለዋል፤ ጋሼም ብዬሃለሁ ብለዋል፤ ሁለቱም ለመዋሸት ምንም ምክንያት የላቸውም። እኔ ግን ሁለቱንም ቀኖች ስፈልጋቸው የማገኘው ሚዛንና ክር የታሰረ ከረጢት ብቻ ነው። ሰምቼ ረስቼው ነው፣ ወይስ ሲነገረኝ አልሰማሁም፣ ወይስ ሰምቼ መስማት አልፈለግሁም? ይህን ጥያቄ ለራሴ የሚያመቸኝን መልስ ሳልሰጠው ክፍቱን ትቼዋለሁ።

«ታዲያ አሁን ለእኔ ነው የምትነግረው ወይስ ለዶክተሯ?» አሉ ጋሼ። «እኔ እንደሆንኩ ማኅተም የለኝም።»

በማግስቱ ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ሲቆጡ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ እስክሪብቶ ከፍተው ይዘጋሉ። እስክሪብቶውን አልነኩም።

«ይሄንን መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከጥቂት ቀናት በፊት።»

«እሺ» አሉ። «አሁን በእጅህ ያለው ጥርጣሬ ነው። ጉብታዎቹ ከወቅቱ ናቸው ብለህ ሳታረጋግጥ ጻፍክ፤ አሁን ደግሞ ከጮጮው ናቸው ብለህ ሳታረጋግጥ ልትጽፍ ነው። ያ የራሰው ክፍል የት ደረሰ?»

ስለ ራሰው ክፍል አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያው ወቅት፣ ከዚያው ቦታ ተለቅሞ ጮጮ ያልነካው ጦስኝ እሱ ብቻ ነው። በዚያኑ ቀን መኪና ይዤ ወጣሁ።

አዴን ያገኘኋቸው ሲጠጡት ነው። የራሰውን ዳግመኛ በጥላ አድርቀው፣ እሳት በማይነድበት በቆርቆሮው ቤት ሰቅለው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለቤታቸው ሻይ ሲያፈሉት ከርመዋል። ለእኔ ደህናውን ሰጥተው ለራሳቸው የተበላሸውን አስቀርተው ነበር። ያውም በፌስታል ቋጥረውት፣ የእኔን ሁለተኛ ትእዛዝ ሽረው። የቀረው ሁለት ፍላስክ ቢሞላ ነው።

«ይሄንን ለዩኒቨርሲቲ?» አሉ ቋጠሮውን ወደ ኋላቸው እየሸሸጉ። «ሻግቶ የነበረ ነው። ለሰው አይሰጥም።»

«አዴ፣ አሁን ከወርቅ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።»

«ደህናውን ስሰጥህ አለቀስክ፤ መጥፎውን ወርቅ ትላለህ። መማር እንዲህ ከሆነ ይቅርብን» አሉና ሰጡኝ።

ሌላም ነገር ለመንኳቸው። ከበጋው ጦስኝ የተረፈኝን ይዤ ሄጄ ስለነበር ጮጮውን እንደዚያን ጊዜው አጥነው እንዲያስቀምጡልኝ ጠየቅኋቸው። ያኔ ያየሁት አሠራር ከእኛ ቤተ ሙከራ የሚያንስ አልነበረም። ስንጥሩ ከደረቀ ወይራ ብቻ ይሆናል፤ ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፤ ነበልባሉ ተነፍቶ እስኪጠፋና ፍሙ ብቻ እስኪቀር ይጠበቃል፤ ጮጮው ውስጥ ተከቶ ይከደናል፤ ይገላበጣል፤ ከሰሉ ወጥቶ ውስጡ በንጹህ ጨርቅ ይታበሳል፤ ይሸተታል፤ ካልበቃ ይደገማል። «ለምን በፍም እንጂ በነበልባል አይሆንም?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ነበልባል ያቃጥላል፤ እኛ የምንፈልገው ጭሱን ነው» አሉኝ፤ እንዲህ ያለውን ግልጽ ነገር መጠየቄ ገርሟቸው። በደብተሬ ውስጥ እጅግ ዝርዝር የሆነው ገጽ ያ ነው። ከጥቅምቱ አንድ መስመር ጋር ሳስተያየው ዛሬም አፍራለሁ።

ከቀናት በኋላ ሁለቱን ናሙናዎች ይዤ ሮቤ ወረድኩ። የአዴን ሻይ ስናፈላ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የተጀመረው ከቀዘቀዘ አይቆጠርምና ደፋነው፤ የቀረን ቅጠል ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ጋሼ ወጡ። ከአንድ ሌላ ክፍል ጄኔሬተር አስፈቅደው፣ በማግስቱ ማለዳ በራሳቸው ትከሻ ውሃውን ሞልተው፣ ሦስቱ ሰዓት እስኪያልቅ ከበርሜሉ ሥር ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እኔ መስፈሪያዋን እያየሁ፣ እሳቸው እኔን እያዩ።

«ጋሼ፣ ቢደክምዎ እኔ እቀጥላለሁ» ብላቸው፣ «አንተ ዝም ብለህ ጠብታህን ቁጠር» አሉኝ።

ቅባቱን እኔው ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ማሽኑን የምትሠራው ልጅ ተራ እንደሌለ ነግራኝ፣ ነገሩን ስትሰማ ግን በምሳ ሰዓቷ ልታስገባልኝ ተስማማች። የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ የምታውቅ የቦረና ልጅ ሆና ተገኘች፤ ብልቃጡን ከፍታ ገና ወደ ማሽኑ ሳትወስደው፣ «ይሄማ ቤታችን ነው» አለች። ወረቀቶቹ ከሰዓት በኋላ ወጡ። የራሰው የክረምት መውጫ ጦስኝ ቅባቱ ትንሽ ሳስቷል፤ ሦስቱ ጉብታዎች ግን የሉበትም። በጮጮ የሰነበተው የበጋ ጦስኝ ላይ ሦስቱም ቆመዋል።

ግኝቴ በሁለት ወረቀት አለቀ። እንዲህ ብሎ መጻፍ አሁን ይቀለኛል፤ በመኪናው መስኮት የአርሲን ስንዴ እርሻ እያየሁ ስመለስ ግን የተሰማኝ ነገር እረፍት ነበር ብዬ ብጽፍ ሙሉ እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ። አዝኜም ነበር። ምዕራፍ አራትን በዐሥር ቀን ውስጥ እንደገና ጻፍኩት፤ ርዝመቱ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም።

ጽሑፌን ባቀረብኩበት ቀን ከውጭ የመጡት ፈታኝ መጨረሻውን ገጽ ገልጠው፣ «ታዲያ ግኝትህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«በመረመርኩት ናሙና በሁለቱ ወቅቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘሁም። ልዩነት መስሎኝ የነበረው የተቀመጠበት ዕቃ ነው።»

«ወደ ዕቃው ምን መራህ? የትኛው ዘዴ?»

«የለቀሙት እናት አሽትተው ነገሩኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ፈታኙ አልሳቁም። «ይህን ጻፈው» አሉኝ። «በዘዴ ክፍል ውስጥ፣ እንዲሁ እንደነገርከኝ አድርገህ ጻፈው።» ከዚያ ወደ አማካሪዬ ዞረው በዝግታ የተናገሩትን አልሰማሁም። አለፍኩ። ውጤቱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አራት ስጽፍ ያሰብኩት አልነበረም፤ ጆርናሉም ቀረ። ፈቃዴ ሳያልቅ፣ ጽሑፌ የሚያሳፍር ገጽ ሳይኖርበት፣ ዲግሪዬን ያዝኩ።

በዚያው ሳምንት ወደ አዴ ወጣሁ። ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሥተው ቆሙ።

«አስተማሪነትህን ቀሙህ?» አሉ ሰላምታውን ሳያስቀድሙ።

«አልፌያለሁ፣ አዴ። በእርስዎ ነው ያለፍኩት። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። ወር ሙሉ የእኔን መባረር ሲጠብቁ እንደከረሙ ያኔ ገባኝ። «የለም» ያልኳቸውን ፊቴ እንደካደው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ዲግሪዬን ሳስብ የእሳቸውን ጭንቀት አላሰብኩም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አማና ከእጄ ወጥቶ ሰው ጎድቷል ብዬ ነው እንጂ» አሉ፣ «አንተማ ወጣት ነህ፤ ሌላ ትማራለህ።»

አሁንም በሮቤ አስተምራለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬን ከጦስኙ ጋር አሳልፋለሁ፤ የሚለቅሙልኝም እሳቸው ናቸው። በተከታዩ የክረምት መውጫ ስሄድ አዴ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ሜዳው ላይ ጠበቁኝ። ለለቀማው ደንብ አውጥተዋል። ጸጉሯን ቅቤ የተቀባች አትምጣ፤ ከምድጃ የተነሣች እጇን ሳትታጠብ ቅጠል አትንካ፤ የወረቀት ከረጢቱ እኔ እስክመጣ ከቆርቆሮው ቤት አይወጣም። ከጎረቤቶቹ አንዷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ አዴ ተረጎሙልኝ፦ «ሙሽራ ነው እንዴ የምንለቅመው ትላለች።»

ከረጢቱን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ያዙኝ፤ መዳፌን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳሙና ነው፣ አዴ።»

«የሚሸት ሳሙና?»

«ነው መሰለኝ።»

«ውሃው እዚያ ጋ ነው» አሉኝ በአገጫቸው ወደ ምንጩ እያመለከቱ። «ታጠብና ና። እስክትመለስ አላስነካህም።»

ወርጄ ታጠብኩ። ውሃው አጥንት ይበላል። ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ እጄን በሣር አሽቼ፣ ለራሴ አሽትቼ፣ ተመልሼ መዳፌን ዘረጋሁላቸው።